እጅ የሚባለው እስከ የት ነው

በሕይወቴ ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ግን በሁለት የእንግሊዝኛ ቃል የጻፍኩት ነው። ቃላቱ ወደ አማርኛ ሲመለሱ «ቀኝ እጅ» ማለት ናቸው። የተሳሳትኩት እንግሊዝኛ ስለማላውቅ አይደለም፤ አውቃለሁ ብዬ ስለምኮራ ነው።

ዳላስ ውስጥ፣ ሌክ ሃይላንድስ በምኖርበት የአፓርትመንት ግቢ ደብዳቤ የመጣበት ሰው ሁሉ የእኔን በር ያንኳኳል። ከልጆች ትምህርት ቤት የመጣውን፣ ከኢሚግሬሽን የመጣውን፣ ከመብራት ኩባንያ የመጣውን ሁሉ አነባለሁ። ጠዋት ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ፣ ከሰዓት ዴንተን ሄጄ ሶሻል ወርክ እማራለሁ፣ በመሀል የሰው ፎርም እሞላለሁ። ምስጋናውን እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» ሲሉኝ «ኧረ ምንም አይደል» እላለሁ፤ አንጀቴ ግን ቅቤ ይጠጣል።

ከእኔ ቤት ሥር የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ ይበቃል። ስድሳን አልፈዋል፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ያመጣቻቸው ልጃቸው ሌላ ስቴት ሄዳለች። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ። ሰሜን ጦር ሜዳ ላይ ቀኝ ክንዳቸው ውስጥ የገባች ፍንጣሪ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። እዚህ ሲመጡ ዌርሃውስ ገቡና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካርቶን እያነሱ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ሲሰቅሉ ኖሩ። አንድ ቀን የተደረደረ ካርቶን ከፓሌቱ፣ ከእንጨት መደቡ ላይ ሲናድ፣ ሸሽተው እንደመዳን ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሊያቆሙት ሞከሩ። የካርቶኖቹ ማሰሪያ ቆርቆሮ መዳፋቸውን ቀደደው፣ ክብደቱ ደግሞ እጃቸውን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ክሊኒክ ሲወስዷቸው የሚደማው መዳፋቸው ስለነበረ መዳፋቸውን ሰፍተው ላኳቸው።

በማግስቱ ፓርኪንጉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፣ በግራቸው ወረቀት ይዘዋል። እኔ ቁልፌን አውጥቼ ወደ ክላስ ልበር ነው።

«ይቺን ፎርም ፊል አድርጊልኝ እስቲ። ሱፐርቫይዘሩ ዛሬ አምጣ ብሎኛል» አሉኝ።

ወረቀቱን የመኪናዬ ኮፈን ላይ ዘረጋሁት። ስም፣ አድራሻ፣ ቀን። ከዚያ የተጎዳው የአካል ክፍል የሚል አንድ መስመር መጣ።

«ምንዎን ነው የተጎዱት ጋሼ?»

«እጄን ነው፣ እንዳለ።»

«ቀኙን?»

«ቀኙን።»

ጻፍኩት፤ ራይት ሃንድ። በግራ እጃቸው አጣመው ፈረሙ፣ መረቁኝ፣ ሄድኩ። «እንዳለ» ያሏትን ቃል ሰምቻታለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ ልከራከር አልችልም። ብቻ ሰላሳ አምስት ሃይዌይ ትራፊኩ ይዘጋብኛል ብዬ እያሰብኩ ነበር።

የቸኮልኩት የክላስ ፔፐር፣ የጥናት ጽሑፍ፣ ላስረክብ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለኖረች አንዲት ሴት ነበር የጻፍኩት፤ የመረጥኳትም ንባቧ አጭር ስለሆነ ነው። ሴትየዋ ከጦርነት አካላቸው ጎድሎ ለተመለሱ ወታደሮችና ማሽን ለበላቸው የፋብሪካ ሠራተኞች ስትሟገት ነው የኖረችው። ሹማምንቱ የሰውን አካል በሰንጠረዥ ያዩት ነበር፤ ከክርን በታች የጎደለ እዚህ፣ ከክርን በላይ የጎደለ እዚያ። እሷ ሰንጠረዡን ትታ ሰውየውን ራሱን እየያዘች ቢሮ ትገባ ነበር። እፊታቸው ኮቱን እንዲቆልፍ፣ ባልዲ እንዲያነሳ ታደርገዋለች። ሳይወዱ በግዳቸው ያያሉ።

እኔም በፔፐሬ «ጸሐፊዎቹ ወረቀቱን አዩ እንጂ ሰውየውን አላዩም» ብዬ በቁጣ ጻፍኩ። ግዴለሽ ጸሐፊ ከጨካኝ ሹም እንደማይሻልም ጨመርኩበት። ያስረከብኩት የጋሼን ፎርም በሞላሁበት በዚያው ቀን ነው። ኤ አገኘሁበት።

መዳፋቸው ዳነ። እጃቸው ግን ከደረታቸው በላይ አልነሳ አለ። ሐኪም ሲያየው ትከሻቸው ውስጥ ያለው ጅማት ተቀዷል። በኦፕሬሽን መሰፋት አለበት፣ ቶሎ ካልተሰፋ ግን ጅማቱ ይኮማተርና ሰፊ ቢገኝም የሚሰፋ ነገር አይኖርም አላቸው። በዚያች ቀኝ እጅ ነው የሚበሉት፣ የሚያማትቡት፣ መኪና የሚነዱት። ዳላስ ላይ መኪና መንዳት ያልቻለ ሰው ደግሞ ቤቱ እስር ቤቱ ነው። ሐኪሙ ለዌርሃውሱ ኢንሹራንስ ጻፈ፤ መልስ መጠበቅ ጀመርን።

መልሱ መጣ። ጋሼ ፖስታውን ሳይከፍቱ ይዘውልኝ መጡና ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አነበብኩት። ኢንሹራንሱ የመዳፉን ጉዳት ተቀብሏል፣ የትከሻውን አልተቀበለም። ሁለት ምክንያት ጽፏል። አንደኛው፣ ሠራተኛው በመጀመሪያው ቀን በሞላው ፎርም የተጎዳሁት መዳፌን ብቻ ነው ብሏል፤ እንግሊዝኛው ሃንድ ከአንጓ በታች ያለው ነውና። ሁለተኛው፣ ኤክስሬይ ላይ አሮጌ ብረት ታይቷል፤ ስለዚህ የትከሻው ችግር ከቀድሞ የጦር ጉዳት የመጣ ነው።

ሃንድ የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። ቃሉ ጠፍቶን አይደለም እኮ፤ ክንድም ክርንም ትከሻም አለን። ግን የታመመ ሰው አካሉን እንደ ሥጋ ቤት አይበልትም። «እጄን» ይላል፣ አለቀ። እናቴ እጇ ሲሰበር የተጀሰሰው ከክርኗ በላይ ነበር፤ ጠያቂው ሁሉ «እጅሽን ማረሽ» እያለ ነው የገባው። ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ግን እጅ ሃንድ ነው ብዬ ጽፌ ሄድኩ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«እጅዎን ተቀብለዋል። ትከሻዎን አልተቀበሉም።»

«ትከሻዬ ከእጄ ተለይቶ የት ሄደ?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ማለት አምስት ቃል አይሞላም። እኔ ግን ሁለተኛውን ምክንያት ብቻ ነገርኳቸው። «አሮጌ ፍንጣሪ አገኘን፣ ከጦርነት ነው ይላሉ» አልኩ። አንገታቸውን ነቀነቁና «ጦርነቱስ መቼ ተወኝ» ብለው ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከሄዱ በኋላ በሩን ዘግቼ ራሴን ሰደብኩት። ግቢው ሁሉ አዋቂ የሚለኝ እኔ፣ የእኒያን ሰው እጅ በእስክሪብቶ ቆርጬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ክርክሩ ወደ ችሎት ተመራ። ለተጎዱ ሠራተኞች በነፃ የሚያግዝ አንድ ረዳት ተመደበላቸው፤ ደግ፣ ብዙ ፋይል የተሸከመ ሰው ነው። ጋሼን ሳገኛቸው ዓይናቸውን አላይም። እሳቸው ግን በግራ እጃቸው ደረታቸውን አቋርጠው የቤታቸውን በር ሲከፍቱ አያለሁ። አንድ ቀን ሸሚዛቸውን ግማሹን ብቻ ለብሰው፣ እጅጌው ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጡንቻቸውን ሲያሹ አገኘኋቸው። አልፌያቸው ወጣሁ። እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ችሎቱ ሊደርስ ሲል ኢንሹራንሱ ደወለ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ተረጎምኩላቸው። የትከሻውን ነገር ከተዉ የመዳፉን ጉዳይ ያለ ጭቅጭቅ እንዘጋለን ነው ነገሩ። እኔ ፈሪዋ፣ ስህተቴ ሳይታይ እንዲያልቅ የፈለግኩት፣ «ጋሼ፣ ኦኬ ቢሏቸውስ?» አልኳቸው። ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

«ያኔ ጦር ሜዳ እንኳን እጅ አልሰጠሁም» አሉ። «አሁንማ የምሰጠው እጅ የት አለኝ?»

የችሎቱ ቀን እኔ ነዳሁ። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ክራቫታቸውን ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ። ክፍሉ ከቢሮ ሕንፃ ውስጥ ያለ ተራ ክፍል ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ መቅረጫ፣ የውሃ ጠርሙሶች። ጠረጴዛው ራስ ላይ ክርክሩን የምትሰማው ዳኛ ተቀምጣለች። የኢንሹራንሱ ጠበቃ ለጋሼ በሩን ይዞላቸው ነበር፤ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እኔ ከግድግዳው ጋር ባለው ወንበር እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ፤ እንዳልናገር ግን ተነገረኝ። አስተርጓሚው በስልክ ነው። ጠረጴዛው መሀል ካለች ትንሽ ስፒከር የአንድ ወንድ ድምፅ ይወጣል። ጥሩ አማርኛ፣ ጥሩ እንግሊዝኛ ነበረው፤ ብቻ አያይም።

መጀመሪያ መሐላ ነው። ዳኛዋ ወረቀቷን እያገላበጠች ቀኝ እጅዎን ያንሱ አለች፤ ስፒከሯ ተረጎመች። ጋሼ ትእዛዝ ሲሰሙ አያመነቱም። ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፣ ዝም ብለው አወረዱትና ግራቸውን አነሱ። ዳኛዋ ቀና ስትል የተነሳ እጅ አየች፣ መሐላውን አስነበበች። የትኛው እጅ እንደሆነ ማንም ልብ አላለም።

ከዚያ ጠበቃው ፎርሙን ፊታቸው አስቀመጠ። የእኔን የእጅ ጽሑፍ ከሩቅ ለየሁት።

በመጀመሪያው ቀን የተጎዱትን ሲጠየቁ ምን ብለው ነበር ሲል ጠየቀ።

«እጄን» አሉ ጋሼ። ዳኛ ፊት እጃቸውን የሚያወናጭፉ ሰው አይደሉም፤ ሁለቱም እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ነበሩ።

«ማይ ሃንድ» አለች ስፒከሯ።

ሌላ አካል አልጠቀሱም?

«እጄን እንዳለ ነው ያልኩት።»

«ማይ ኢንታየር ሃንድ።»

ጠበቃው በትሕትና አመሰገናቸው። መዳፋቸውን፣ ሙሉ መዳፋቸውን፣ ብለው በገዛ አፋቸው መሰከሩለት እኮ። ረዳቱ ፋይሉን ያገላብጣል፣ አማርኛ አያውቅም። አስተርጓሚው ደግሞ የሰማውን ይመልሳል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። እኔ ያጠፋሁትን ጥፋት ሌላ ሰው ዓይኔ እያየ ደገመው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሰማ፣ ሰውየውንም ያየ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፎርሙን የሞላው ማን ነው? አለ ጠበቃው።

ጋሼ ወረቀቱን አዩ። ወደ እኔ አልዞሩም። ለመዞር እንዳልፈለጉ ከአንገታቸው ያስታውቃል።

«ፊርማው የኔ ነው» አሉ። «ሌላ ሰው የለበትም።»

እየተከለሉልኝ ነው። እኔ ተሸሽጌ እሳቸው እጃቸውን ሊያጡ ነው። ያን ጊዜ እጄን አወጣሁ፤ እንደ ተማሪ።

ዳኛዋ መናገር እንደማልችል አስታወሰችኝ። «ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ በእንግሊዝኛ። ጠበቃው ተቃወመ። ረዳቱ ግን ነቃ፤ በምስክርነት እንድሰማለት ጠየቀ። ዳኛዋ ትንሽ አሰበችና ወንበር አሳየችኝ። ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። ሳነሳው ነው ነገሩ የገባኝ። ያቺ በአንድ ፔፐር የጨረስኳት ሴትዮ ትዝ አለችኝ፤ ባልዲውን አንሳ የምትለዋ።

ስለ ቃሉ ነገርኳቸው፤ በእኛ ቋንቋ እጅ ከትከሻ ይጀምራል፣ ጣት ላይ ያልቃል አልኩ። «እንዳለ» ያሉኝን ሰምቼ ክላስ እንዳይረፍድብኝ ብዬ እንደዘለልኳትም ተናገርኩ። ጠበቃው፣ እርስዎ ጎረቤታቸው ነዎት፣ ሊረዷቸው ይፈልጋሉ፣ አይደል? አለኝ። አዎ አልኩ፣ እፈልጋለሁ። ይህ የቃል ትርጉም ከደብዳቤው በኋላ የመጣ ሐሳብ እንዳልሆነ በምን እናምናለን? ሲለኝ ግን ቁጣዬ መጣ፤ ፍርሃቴን የወሰደልኝም እሱ ነው።

ወደ ዳኛዋ ዞርኩ። «እርስዎ ዛሬ ሲያስምሏቸው ቀኝ እጅዎን ያንሱ ነው ያሏቸው» አልኩ። «በእንግሊዝኛ፣ ሃንድ ብለው። መዳፋቸውን ብቻ እንዲያነሱ ፈልገው ነበር? እሳቸው ያነሱትስ የትኛውን እንደነበረ አይተዋል?»

ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ስፒከሯ ሳይሆን ወደ ጋሼ እያየች፣ ቀስ ብላ፣ ቀኝ እጅዎን እንደገና ያንሱልኝ አለች።

ጋሼ ተነሡ፤ ቁጭ ብሎ መሞከር አሳፍሯቸው መሆን አለበት። ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ተነሣች፣ ሆዳቸውን አለፈች፣ ደረታቸው ጋ ደርሳ ቆመች። ገፏት። ጥርሳቸው ሲነካከስ ሰማሁ። ጣቶቻቸው ተዘርግተው ወደ ላይ ያዩ ነበር፤ መዳፋቸው ድኗል እኮ፣ ጠባሳዋ እንኳን ጠፍታለች። ከደረታቸው በላይ ግን አንዲት ስንዝር አልወጣችም። እንደዚያ እንደ ቆሙ ብዙ ቆዩ፣ ማንም ይበቃል አላላቸውም።

«ሄሎ? መስመር ላይ አላችሁ?» አለ አስተርጓሚው በአማርኛም በእንግሊዝኛም። የሚተረጎም ነገር አልነበረም።

ዳኛዋ ለመቅረጫው ያየችውን ተናገረች። ረዳቱም ጊዜውን አላባከነም፤ አሮጌው ፍንጣሪ ያጠቃው ትከሻ ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከራስ በላይ ካርቶን እንዴት ሰቀሉ ብሎ ጠየቀ። ጠበቃው ወረቀቱን ሲሰበስብ ፎርሙን ደጋግሞ አየው። ውሳኔው በፖስታ ይላካል ተባልን፣ ወጣን።

መኪናው ውስጥ ገብተን ሞተር ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ።

«አውቅ ነበር» አሉ። «ከደብዳቤው ጋር ፎርሙን ኮፒ አድርገው ልከዋል። ዘጠኝ ዓመት ዌርሃውስ የሠራ ሰው ሃንድ ማለት ምን እንደሆነ ይጠፋዋል? ዋች ዩር ሃንድ፣ መዳፍህን ጠብቅ፣ እያሉኝ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅኩ።» መስኮቱን አዩ። «ቆየሽብኝ።»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ ወደ መኪናው መስታወት እያዩ ቆስለው የገቡበትን የጦር ሆስፒታል ነገሩኝ። አንድ ጸሐፊ በየአልጋው እያለፈ ይመዘግባል። ቀና ብሎ ሳያይ «ቀላል ቁስለኛ» ብሎ ጻፋቸው። በሳምንቱ፣ ጠመንጃ በግራ እጃቸው ይዘው፣ ተመልሰው ግንባር ሄዱ። ከአጠገባቸው የነበሩት እንደሳቸው «ቀላል» የተባሉት ልጆች አልተመለሱም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አሉ። «ያ ጸሐፊ ያለሁበትን ፈልጎ መጥቶ እኔ ነኝ ቢለኝ ብዬ ስንት ዓመት ተመኘሁ። ምንም አላደርገውም ነበር። አንቺ በሰው ፊት እጅሽን አወጣሽ። ዘግይተሽ ነው፣ ግን አወጣሽ። በይ ንጂ።»

ነዳሁ። ያን ሰሞን የፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለት ጊዜ እየሄድኩ አይ ነበር፤ የራሴን ሳይሆን የሳቸውን፣ በቀዳዳው። ጅማቱ በየቀኑ እየተኮማተረ እንደሆነ አውቃለሁ። ክላስ ውስጥ ቁጭ ብዬ የማስበው የአንድ ሰው ትከሻ ውስጥ ስላለ ክር ነው።

ፖስታው ሲመጣ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ሳይከፍቱ ይዘውት መጡ። ያው ወንበር ላይ፣ ያው ቀጥ ብሎ መቀመጥ። ገጹ ብዙ ነው፣ እንግሊዝኛው ደረቅ ነው። ዘልዬ መጨረሻውን ማየት አማረኝ፤ ከዚያች ፎርም በኋላ ግን መዝለል ፈርቻለሁ፣ ቃል በቃል አነበብኩት። የትከሻው ጅማት፣ የትከሻው መገጣጠሚያ፣ የላይኛው ክንድ፣ ክርን፣ አንጓ፣ መዳፍ። እያንዳንዱ በየስሙ፣ በየመስመሩ ተጽፏል፤ ሁሉም በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው ይላል። ኦፕሬሽኑም ይከፈላል።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

ያን ሁሉ መስመር ወደ አማርኛ ልመልሰው አፌን ከፈትኩ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። አንድ ቃል ብቻ መጣልኝ።

«እጅዎ ነው ይላል፣ ጋሼ። ቀኝ እጅዎ፣ እንዳለ።»

ደብዳቤውን በግራ እጃቸው ተቀብለው ገለበጡት፣ ከኋላው ሌላ ነገር እንዳለ ሁሉ።

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉኝ።